ኦኒ ሌህቶላ ጥይት የቀየረበት ዓመት

ኦኒ ሌህቶላን አንድ ፓኮ ጥይት ስድስት ዓመት ያቆየው ነበር። ሃያ ፍሬ ማለት ነው። በየዓመቱ የአደን ወቅት ከመከፈቱ በፊት ሁለቱን ከከተማው ዳር ባለው የጠጠር ጉድጓድ ውስጥ ካርቶን ላይ ይተኩሳል፤ ማነጣጠሪያው እንዳልተዛባ ካረጋገጠ ጠመንጃውን ወልውሎ መልሶ ይሰቅለዋል። ሦስተኛዋ ጥይት አጋዘኑ ላይ ታርፋለች። አጋዘን ሳያገኝ በተመለሰበት ዓመት ደግሞ ሦስተኛዋ ለከርሞ ትቀመጣለች።

በሳልመላ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ጥይት የሚሸጠውም አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የደልፊን ሮቢዱ የብረታ ብረት ሱቅ። ደልፊን ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሱቁን ብቻዋን የያዘች፣ ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት ነች። ማን ምን ዓይነት ጥይት እንደሚተኩስ፣ ማን አንድ አጋዘን ለመጣል ግማሽ ፓኮ እንደሚያባክን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ብዙውን ጊዜ ግን አታወራም። የኦኒን ያወራችው የሚያስከብር ስለሆነ ነው።

እኔ ከኦኒ ጋር ከሠላሳ በላይ የአደን ወቅት አሳልፌያለሁ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነበርኩ፤ እሱ እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ግንድ ወደ መጋዙ ይመግብ ነበር። ጫካ ውስጥ ያለችውን የአደን ጎጆ በእጃችን የሠራናት ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ኦኒ እና የሚስቱ የሌምፒ ወንድም ሬይኖ ሃውታላ። ኦኒ አጠር ያለ፣ ደንዳና ሰው ነበር። ሲስቅ ድምፅ አያሰማም፤ ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል። ሬይኖ የሱ ተቃራኒ ነው፤ ሬይኖ ሲስቅ አጋዘኑ ሁሉ ወረዳ ለቆ ይሄዳል።

የኦኒ ጠመንጃ የአባቱ ነበር። አባቱ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ የወታደር ጠመንጃ ገዝቶ፣ እንጨቱን ራሱ ጠርቦ፣ አፈሙዙን አሳጥሮ የሠራው ነው። ጥይቱ ሠላሳ-ዜሮ-ስድስት የሚባለው ነው፤ እኛ ባጭሩ ሠላሳው እንለዋለን። እዚህ ግማሹ ሰው የሚተኩሰው እሱን ነው፤ አጋዘንም ድብም ይጥላል። የትኛውን ልምረጥ ብሎ የተቸገረ ሰው አላስታውስም። አባትህ የተኮሰውን ትተኩሳለህ።

በ1974 ማርች ወር መሰንጠቂያው ውስጥ ግንድ የሚጎትት ሰንሰለት ተበጠሰ። የተለቀቀው ግንድ ተንከባሎ መጣና ኦኒን ቀኝ ትከሻው ላይ መታው። ማጅራቱን ቢያገኘው ኖሮ እዚህ ላይ ታሪኩ ያልቅ ነበር። የአንገቱ ሥር አጥንት ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ የትከሻው ጅማት ተበጠሰ። በጋውን በሙሉ ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አሳለፈ። ሴፕቴምበር ላይ ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ “ደህና ነኝ” አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ደህና እንዳልሆነ የምታውቀው ሌምፒ ብቻ ነበረች፤ ሸሚዙን የምታለብሰው እሷ ነበረችና።

በዚያ ዓመት ጠጠር ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ሳይሆን ሰባት ጥይት ተኮሰ። እኔ መኪናዬ ላይ ተደግፌ አያለሁ። ቀዳዳዎቹ ካርቶኑ ላይ እንደ ፈንጣጣ ተበታትነዋል። “ማነጣጠሪያው ተነካክቷል” አለና በመፍቻ ሲነካካው ቆየ። ከዚያ ደልፊን ዘንድ ሄዶ ሌላ ፓኮ ገዛ። ከዚያ ላይም ስንት እንደተኮሰ አላውቅም፤ ብቻውን ነበር የሚሄደው።

የአደን ወቅት ኖቬምበር አሥራ አምስት ተከፈተ። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ እኔ ከኮረብታው ጫፍ ተቀምጬ ሳለሁ ከታች ከረግረጉ በኩል ጥይት ጮኸ። ወዲያው ደገመ። ኦኒ ግን ደግሞ ተኩሶ አያውቅም። ተነሥቼ ወረድኩ።

ቆሞ አገኘሁት፤ መሬቱን እያየ።

“መታኸው?”

“መታሁት።”

“የት ላይ?”

መሬቱን በጣቱ ጠቆመኝ። በረዶው ላይ ቡናማ ፀጉር፣ ጥቂት ደምና ነጭ ስንጥር አጥንት ነበር። አጥንቱን አንሥቼ አየሁት። የፊት እግር ነው፤ ከጉልበት በታች።

“ሰማንያ እርምጃ ነው” አለ። “ቆሞ ነበር። ጎኑን ሰጥቶኝ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ በላይ ምን ያድርግልኝ?”

ዱካውን ተከተልን። በሦስት እግሩ ነበር የሚሄደው፤ ጥድ የበዛበት ረግረግ ውስጥ ገባ። እዚያ ውስጥ ሰው በእንብርክኩ ካልሆነ አያልፍም። ሲመሽ ጠፋብን፤ ሌሊት በረዶ ጥሎ ዱካውን ሸፈነው።

እኔና ሬይኖ አደናችንን ቀጠልን። ኦኒ ግን አደኑን ተወና ያንን አጋዘን ፍለጋ ገባ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ሲጨልም እስከ ብብቱ ርሶ ይመለሳል፤ ሾርባውን ጠጥቶ ይተኛል። በስድስተኛው ቀን ቁራዎች ሲያንዣብቡ አይቶ ሄደና አገኘው። ከወንዙ ማዶ፣ ግንድ ሥር ተኝቶ ሞቷል፤ ቀበሮዎች ግማሹን በልተውታል። አስጠርቶኝ ሄድኩ። ስደርስ ከኪሱ የአደን ፈቃዱን መለያ አውጥቶ ቀንዱ ላይ ያስር ነበር። ሕጉ በዓመት ለአንድ ሰው አንድ ነው፤ መለያውን ካሰርክ ዓመቱ አበቃ ማለት ነው።

“ኦኒ፣ ማን ያይሃል? ገና አንድ ሳምንት ቀርቶናል” አልኩት።

“የገደልኩት እኔ ነኝ” አለ። ሽቦውን ሁለቴ ጠመዘዘውና ተነሣ።

የዚያን ቀን ምሽት ጎጆው ውስጥ ፓስቲያችንን፣ ሥጋና ድንች የታጨቀበትን ዳቦ፣ በቲማቲም ድልህ ስንበላ ሬይኖ መፍትሔውን ሰጠ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሦስት መቶ ማግነም የሚባል ጠመንጃ ገዝቶ ነበር። ጥይቱ የሰው ጣት ያክላል፤ ሲተኮስ ከጎን ያለን ሰው ኮፍያ ያወልቃል።

“ስማ አንተ ሰውዬ” አለው ኦኒን፤ “ችግሩ ጥይትህ ነው። ያ የአባትህ ጥይት ጡረታ ይውጣ! በእኔዋ ቢሆን እግሩን ትተህ ጥላውን ብትመታው እንኳ በወደቀ ነበር።”

ኦኒ አልሳቀም። ነገሩን ግን በልቡ ይዞት ሄደ። ሰው የሚፈልገውን ሰበብ ሌላው ሲያቀብለው እንደሚይዘው አያያዝ ነው የያዘው።

በሚቀጥለው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ደልፊን ሱቅ ገባ።

“ሦስት መቶ ማግነም አለሽ?”

“አለኝ። ለማን ነው?”

“ለእኔ ነዋ።”

ደልፊን ሚስማር እየመዘነች ነበር፤ ሚዛኑን አስቀመጠችው። “ዓምና ስንት ፓኮ ጥይት ነው የወሰድከው?”

“ሁለት።”

“ሁለት። ይሄን ሱቅ ከያዝኩ ወዲህ፣ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ፣ ከእኔ የወሰድከው ሦስት ነው። ዓምና ግን ባንዴ ሁለት። ምን ሆነሃል?”

“ማነጣጠሪያው ተዛብቶ ነው።”

“ይሆናል” አለች። “ቅዳሜ ያቺን ጠመንጃህን ይዘህ ጠጠር ጉድጓዱ ጋ ና። እኔም እመጣለሁ። ከዚያ በኋላ ብትፈልግ መድፍም እሸጥልሃለሁ።”

ጉድጓዱ ውስጥ የሆነውን የነገረኝ ራሱ ኦኒ ነው፤ ደልፊን እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለችም። ጠመንጃውን ተቀበለችው፤ ጀርባዋን ሰጥታ አጎረሰችውና መለሰችለት። ተኮሰ። ካርቶኑን ጫፉ ላይ አገኘው። ደግማ አጎረሰችው። ተኮሰ። ጭራሽ ካርቶኑንም ሳተው። በሦስተኛው አልሞ ምላጩን ሲስብ “ቀጭ” የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ። ጥይቱ ባዶ ነበር፤ ደልፊን ባሩድ ሳታስገባ የሠራችው ማታለያ ነው። ጠመንጃው ምንም አልሆነም። የኦኒ ትከሻ ግን ወደ ኋላ ሸሸ፤ አፈሙዙ አንድ ክንድ ያህል ወደ መሬት ዘቀጠ።

ደልፊን ባዶዋን ጥይት ከጠመንጃው አወጣች።

“ጠመንጃው አልተኮሰም” አለችው ደልፊን። “አንተ ግን ዘለልክ።”

“ድገሚልኝ።”

ደጋገመችለት። ከአራቱ ሁለቱ ባዶ ነበሩ፤ የትኞቹ እንደሆኑ አያውቅም። ሁለቱንም ጊዜ አፈሙዙ ዘቀጠ።

“ዓይንህንም ትጨፍናለህ” አለችው። “ቀድመህ ነው የምትጨፍነው።”

ኦኒ ጠመንጃውን መኪናው ውስጥ ወርውሮ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይላት ሄደ። በሠላሳ ዓመት ትውውቃቸው እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ሁለት ሳምንት ሱቁ በር ላይ አልደረሰም። በሦስተኛው ሳምንት ሌምፒ መጣች። ሌምፒ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ የምትሠራ ረጅም፣ ፈጣን ሴት ነበረች፤ ከገባች አትቀመጥም።

“ምን አደረግሽብኝ ባሌን?” አለቻት።

“ምን አለሽ?”

“ምንም አላለኝም! ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት።”

ደልፊን ነገረቻት። ሌምፒ ሰምታ ስትጨርስ መደርደሪያው ላይ ተደገፈች። “ሲተኛ በዚያ ጎኑ መገልበጥ አይችልም” አለች። “ፀጉሩን የሚያበጥረው በግራ እጁ ነው። ሐኪሙን ዋሸው፤ እኔንም ሊዋሸኝ ይሞክራል። አሁን ደግሞ ይባስ ብሎ ሬይኖ ያለውን መድፍ እገዛለሁ ይላል።”

“አምጪልኝ።”

“በምን ላምጣው? በገመድ?”

“እኔ ጠራሁት አትበይው። ቆርቆሮ መቁረጫ ግዛልኝ ብለሽ ላኪው፤ አንቺም አብረሽው ነይ።”

ኦኒ ሞኝ አልነበረም፤ የቆርቆሮ መቁረጫው ነገር ምን እንደሆነ ገብቶታል። ግን መጣ። ለመምጣት ሰበብ ሲፈልግ ነበር መሰለኝ።

ደልፊን አምስት ጥይት መደርደሪያው ላይ በተርታ አቆመች፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ። ሌምፒ ኮቷን ሳታወልቅ በርሜል ላይ ተቀመጠች።

“ይሄ” አለች ደልፊን ትልቁን ነክታ፣ “ሬይኖ የሚሰግድለት ነው። ተራራ ለተራራ ለሚተኩስ ሰው ሸጋ ነው። አንተ የምታድነው የት ነው?”

“ረግረጉ ዳር።”

“ከሩቅ የጣልከው በስንት እርምጃ ነው?”

ኦኒ አሰበ። “በመቶ ሃያ። እሱም አንዴ ነው።”

“አየህ። ይሄን ብሰጥህ ዓይንህን ብቻ አይደለም፣ ጆሮህንም ትጨፍናለህ።” ጥይቱን አንሥታ ኪሷ ከተተችው። “ይሄኛው የአባትህ ነው። ባሩዱን ቀነስ አድርጌ ልሠራልህ እችላለሁ። ትንሽ ይለዝባል።”

“እሱ ይሁንልኛ!”

“ሞክረው።”

ሞከረው። በዚያው ቀን ጠመንጃውን ከመኪናው አውጥቶ ከሱቁ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ አምስት ተኮሰ። የጠመንጃው ርግጫ በእርግጥ ቀንሷል፤ ትከሻው ግን እንደ በፊቱ ሸሸ። ገና ሰደፉን ሲያስጠጋው ይሸሻል።

“ትከሻህ ጠመንጃዋን ያውቃታል” አለችው ደልፊን ወደ ውስጥ ሲመለሱ። “ጥይቱ ቀነሰ ብለህ ብትነግረው አያምንህም።”

ሦስተኛው ሁለት ሰባ የሚባለው ነበር። እሱንም ወደ ጎን ገፋችው፤ ርግጫው ከሠላሳው ብዙም አይተናነስም። አራተኛው ሠላሳ-ሠላሳ ነው፤ አጭር፣ አፉ ደነዝ፣ ለረግረግና ለጥሻ የተፈጠረ የድሮ ጥይት። ኦኒ እሱን አንሥቶ በእጁ መዘነው።

“ይሄስ?”

“ጥሩ ጥይት ነው። ግን የሚጎርሰው ጠመንጃ ቀላል ነው፤ ቀላል ጠመንጃ ከምታስበው በላይ ይራገጣል። ደግሞ መነጽር አይገጥምለትም፤ በዓይንህ ነው የምታልመው። ዓይንህ እንዴት ነው?”

“ዓይኔ ደህና ነው።”

“ጋዜጣውን በክንዱ ልክ አርቆ ነው የሚያነበው” አለች ሌምፒ ከበርሜሉ ላይ።

“አንቺን ማን ጠየቀሽ?”

“ማንም። ዝም ብዬ ነው።”

አንድ ጥይት ቀረች። ሁለት አርባ ሦስት ትባላለች። ቀለሁ አንገቱ ጋ ሲደርስ ይቀጥናል፤ አረሯ እንደ እርሳስ ጫፍ ናት። ኦኒ አያትና ፊቱን አዞረ።

“ይቺ የሴት ጥይት ነች።”

“እኔ በእሷ አሥራ አራት አጋዘን ጥያለሁ” አለች ደልፊን። “ሴት ነሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አጋዘን የለም።”

የኦኒ ትከሻ ትንሽ ነቃነቀ፤ ሊስቅ ነበር፤ ያዘው።

“ትንሽ ናት” አለ።

“ትንሽ ናት። አልዋሽህም። እግር ላይ አትሠራም፣ ሆድ ላይ አትሠራም፣ ከኋላው እየሸሸ ብትልክበት አትሠራም። ሳንባ ላይ ከገባች ግን ምንም አይጎድላትም። ሳንባው ካልታየህ አትተኩስም። በቃ፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።”

ኦኒ ጥይቷን በሁለት ጣቱ ይዞ ብዙ ቆየ።

“ሠላሳውም እግር ላይ አልሠራም” አለ በመጨረሻ።

ስለዚያ አጋዘን ከእኔና ከሬይኖ ውጭ ላለ ሰው አፉን ሲከፍት ያ የመጀመሪያው ነው። ሌምፒ እግሩ የተመታ አጋዘን መኖሩን የሰማችው ያኔ ነው። ለስድስት ቀን እስከ ብብቱ የረሰው ልብስ ለምን እንደዚያ እንደጨቀየ ዓመት ሙሉ ሳይገባት ቆይቶ ነበር።

ሱቁ ውስጥ አንድ ያገለገለች፣ መነጽር የተገጠመላት ባለ ሁለት አርባ ሦስት ጠመንጃ ነበረች። እሷን ይዞ ሄደ። ደልፊን ከጥይቶቹ ጋር አሥር ባዶ ፍሬ ሠርታ ለሌምፒ በመሐረብ ቋጥራ ሰጠቻት፤ ለእሱ አይደለም።

ኦክቶበርን በሙሉ ከሥራ መልስ ባልና ሚስት ጠጠር ጉድጓዱ ውስጥ ነበሩ። አውቶቡሴን አቁሜ ስመለስ መንገዴ በዚያ ነው፤ አንዳንዴ ቆም ብዬ አያቸው ነበር። ኦኒ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ላይ ጠመንጃውን አጋድሞ ይተኛል። ሌምፒ አጠገቡ ተንበርክካ ታጎርስለታለች፤ አንዴ የምር፣ አንዴ ባዶ፣ አንዴ ሦስት ባዶ አከታትላ። እሱ ወደ ሌላ ያያል።

“አለች የለችም?” ይላታል።

“ስበውና እየው።”

“የሠላሳ ዓመት ሚስቴ ነሽ። ባዶ ጠመንጃ ትሰጪኛለሽ?”

“ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባዶ ሳህን ሰጥቼህ አላውቅም። አንዴ ቻለው።”

በመጀመሪያው ሳምንት በትንሿም ጠመንጃ ሲሸሽ አየሁት። በሁለተኛው ሳምንት ቀነሰ። ከዚያ ሌምፒ ከኮቷ ላይ አንድ ቁልፍ በጥሳ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ማስቀመጥ ጀመረች። ባዶውን ሲስብ ቁልፉ ከወደቀ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ቁልፉን ከጠጠር ውስጥ ስንት ጊዜ እየፈለገች እንዳነሣችው እግዜር ይወቀው። በወሩ መጨረሻ አንድ ቀን ስደርስ ስድስት ባዶ አከታትሎ ሳበ፤ ቁልፉ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ሰባተኛዋ የምር ነበረች። ካርቶኑ ላይ መሐሉን ነደለችው። ሌምፒ ቁልፉን አንሥታ ኪሷ ጨመረችና “ብርድ ነው፤ እንሂድ” አለች።

በአደኑ ዋዜማ ጎጆው ውስጥ ተሰበሰብን። ሬይኖ አዲሷን ጠመንጃ ግድግዳው ላይ ሲያይ የቡና ስኒው እጁ ላይ እንዳለ ቀረ።

“ይቺ የማናት? እንግዳ አለን እንዴ?”

“የኔ ነች” አለ ኦኒ።

ሬይኖ ፓኮውን ከፈተ፤ አንዷን ጥይት አውጥቶ ወደ መብራቱ ከፍ አደረጋት። “ኧረ ወገኖቼ! በዚህ ጥርስ ነው እንዴ የሚጎረጎረው? ኦኒ፣ ዘንድሮ የምታድነው ጥንቸል ነው ወይስ ቢራቢሮ? ለእህቴ ገዝተህላት ተሳስተህ ነው ያመጣኸው?”

እኔም ሳቅኩ፤ አልዋሽም።

ኦኒ ቦት ጫማውን በሰም እያሸ ነበር። ቀና ሳይል “ሠላሳውን ፈራሁት” አለ።

“ማንን?”

“ጠመንጃዬን። ርግጫውን። ምላጩን ስስብ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ዓምና ያንን አጋዘን እግሩን የመታሁት ዓይኔን ጨፍኜ ነው።”

ጎጆዋ ውስጥ ሃያ ዓመት ብዙ ነገር ተወርቷል፤ ስለ ሚስት፣ ስለ እዳ፣ ስለ ሞት። ወንድ ልጅ ጠመንጃዬን ፈራሁ ሲል ግን ተሰምቶ አያውቅም። ሬይኖ ጥይቷን ፓኮው ውስጥ ቀስ አድርጎ መለሳት። ከዚያ ተነሥቶ ምድጃው ላይ እንጨት ጨመረ። ምድጃው ሙሉ ነበር፤ በሩ እምቢ አለው፤ በእግሩ ገፍቶ ዘጋው።

በአምስተኛው ቀን እኔና ኦኒ ዛፉ የተመነጠረበት ሜዳ ዳር አብረን ተቀምጠን ሳለ ከማዶ አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ወጣ። ቀንዱ እንደ ወንበር የሰፋ ነበር። ሁለት መቶ ሃምሳ እርምጃ ይሆናል፤ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ ቆመ። እኔ ካለሁበት ግንድ ይከልለኛል።

“ተኩስ” አልኩት በሹክሹክታ።

በመነጽሩ አየው። ጣቱን ከምላጩ ላይ አነሣ።

“ሩቅ ነው። ደረቱን ነው የሰጠኝ፤ ጎኑ አይታየኝም።”

“ኦኒ! በሕይወትህ እንዲህ ያለ አይተህ ታውቃለህ?”

“አላውቅም” አለና ማየቱን ቀጠለ። አጋዘኑ ጅራቱን ወዝወዝ አድርጎ በመጣበት ገባ። በጣም ተናድጄ ነበር፤ እስከ ምሳ ድረስ አላነጋገርኩትም።

ከሰዓት በኋላ ያው አጋዘን ሬይኖ ያለበት ደረሰ። ማግነሙ አራት ጊዜ ሲጮህ ሰማን፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። አልነካውም። “መነጽሩ ጉም ያዘው” አለ ሬይኖ። ኦኒ ግን አላመነውም። ደም እንዳለ ለማየት ሁለት ሰዓት ሙሉ ዱካውን ብቻውን ተከትሎ ሄደ። ጠብታም የለም። ሲመለስ “ንጹሕ ነው” አለው፤ ሬይኖም “ብዬህ አልነበር” አለ፤ ግን ፊቱ ላይ ዕረፍት አየሁበት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ከረግረጉ በኩል አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ደረቅ ቅርንጫፍ የተሰበረ ነው የሚመስለው። ሁለተኛ እስኪሰማ ጠበቅኩ። አልተሰማም። ወረድኩ።

ኦኒ ግንድ ላይ ተቀምጧል። አጋዘኑ ከፊቱ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሮጦ ወድቋል፤ ቀንዱ ባለ ሁለት ጫፍ፣ ወጣት ነው። ማንም የማይፎክርበት ዓይነት። ጥይቷ ከክንዱ ኋላ ልክ ሳንባው ላይ ገብታለች። እንኳን ደስ ያለህ ልለው ስል አጋዘኑን ሳይሆን ጠመንጃውን ትኩር ብሎ ሲያይ አገኘሁት።

“ምነው? አመመህ?”

“አየሁት” አለ።

“ምኑን?”

“ስትመታው። ፀጉሩ ብን ሲል አየሁት።” ቀለሁን ከጠመንጃው አወጣ። “ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም እኮ። ከዓምና በፊትም። ትከሻዬ ደህና ሳለም። ተኩሼ ስገልጥ ወድቆ ነው የማገኘው። ሁሉም ሰው እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።”

ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ በአንድ ጥይት አንድ አጋዘን የተባለለት ሰው፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት ዓይኑን ይጨፍን ኖሯል። እኔስ? ብዬ አሰብኩ። በዚያ ዓመት ስተኩስ ራሴን ለመታዘብ ሞከርኩ፤ ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም።

አጋዘኑን ለሁለት ጎትተን አመጣነው። ሬይኖ ቀንዱን አይቶ አፉን ሊከፍት ሲል ቀዳዳውን አየና ጎንበስ ብሎ በጣቱ ለካው። “ደህና ገብታለች” አለ። ከሱ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ሬይኖ ማግነሙን ሸጠ፤ “ከበደኝ” አለ። በቀጣዩ ወቅት ሁለት አርባ ሦስት አንግቦ መጣ፤ “ለመሸከም ቀላል ስለሆነች ነው” አለ። ኦኒ ቀና ብሎ አየውና ለጠመንጃው መስቀያ የሚሆነው ቦታ ከራሱ ጠመንጃ አጠገብ ጠበብ ብሎ ስለነበር የራሱን ትንሽ ገፋ አደረገለት። እኔ ግን ሳቄን ለመደበቅ ውጭ ወጥቼ እንጨት ፈለጥኩ።

ኦኒ በዚያች ጠመንጃ አሥራ አንድ ወቅት አደነ። አራቱን ባዶ እጁን ተመለሰ። ከዚያ በ1986 የቀኝ ዓይኑን ሞራ ሸፈነው። ማንም ሳይነግረው አደኑን ራሱ ተወ። ሌምፒ “ቤት ከምትቀመጥ ሂድና ምግባቸውን ሥራ” አለችው፤ ስለዚህ በየኖቬምበሩ ከእኛ ጋር መምጣቱን ቀጠለ። በምግብ ሥራው ግን አልታደለም። የአተር ሾርባው ሥሩ ያርራል፤ ድንቹ መሐሉ ጥሬ ይቀራል፤ የአጃ ዳቦውን በመጋዝ መቁረጥ ይቀላል። ሬይኖ በየማታው ያማርራል፦ “ይሄን ሰውዬ ጠመንጃ ስጡትና አንዱን አጋዘን ያቁስልልን፤ ከዚህ ሾርባ ያ ይሻላል!” ኦኒ ትከሻው ይነቃነቃል፤ ጭልፋውን ያነሣል። ሬይኖም ሳህኑን ይዘረጋለታል።